የሚበትነውና ቀጥታው

እሳት አደጋ ጣቢያው ውስጥ «ባለጃንጥላው» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጡለት ጓደኞቹ ናቸው፤ ተረብ መቼ አልቆባቸው ያውቃል! መኪናው ላይ ሁለት ቱቦ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። የአንዱ አፈሙዝ ውሃውን ብናኝ አድርጎ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋዋል፤ የያዘው ሰው ከኋላው ሆኖ ከወላፈኑ ይከለላል። የሌላው፣ «ቀጥታው» የሚሉት፣ ልሙጥ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ውሃውን አንድ ወጥ አድርጎ ሩቅ ይወረውራል፣ ለያዘው ግን ምንም ከለላ የለውም። ባለጃንጥላው ሁልጊዜ ዘሎ የሚይዘው የሚበትነውን ነው፤ ጓደኞቹም እያወቁ ይተዉለታል።

ፈሪ ነው የሚል ካለ ሰውየውን አያውቀውም። አንድ ጊዜ ወላፈን አንገቱን ልጦት ሆስፒታል ከርሟል። ያኔ ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ «ከእንግዲህ ከሚበትነው ሌላ አትይዝም። በልጆችህ ማልልኝ» አለችው። ማለላት፤ ቃሉንም ጠበቀ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፍራሽ ቤት ተቃጠለ። የፍራሽ ቤቱ ባለቤት በር ላይ ደረቱን እየደቃ፣ «እናቴ ጓዳ ናት! እናቴን አውጡልኝ!» ይላል። ባለጃንጥላው እጁን ወደለመደው ቱቦ ሰደድ አድርጎ ቀጥ አለ። ያ ሁሉ ብናኝ ጠባብና የተዘጋ ቤት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ባንዴ እንፋሎት ሆኖ ወደ ጓዳ ይገፋል፣ አሮጊቷንም እሳቱ ሳይደርስባቸው ይቀቅላቸዋል። ሚስቱ ፊቱ ላይ ድቅን አለችበት። ቢሆንም ቀጥታውን ያዘ።

«አንተ፣ ለኔ ስጠኝ!» አለው የሥራ ባልደረባው።

«ተወኝ! አንተ ሴትዮዋን አውጣ!»

በደረቱ እየተሳበ ገብቶ ውሃውን ከእሳቱ ሥር ተከለው። ወላፈኑ ጆሮውን ገረፈው፤ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። እሳቱ ረገብ ሲል ባልደረባው በጎኑ አልፎ አሮጊቷን ታቅፎ ወጣ። አሮጊቷ እያሳሉ ነበር።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ በፋሻ የተጠቀለለ ጆሮውን አየችና የምትሰፋውን ጨርቅ ጣለችው።

«ቀጥታውን ያዝክ።»

«ጓዳ አሮጊት ነበሩ። ቃሌን በላሁ።»

«ዳኑ?»

«ድነዋል።»

«እንኳንም በላኸው» አለች፤ እንባዋ ግን ዱብ ዱብ ይል ጀመር። «አሁን እንደገና ማልልኝ።»

ጎኗ ተቀምጦ እጇን ያዛት።

«አልምልም» አላት።

እሷም አላስገደደችውም።