ፊቱም ጀርባውም አንድ የሆነ ጥለት

ይህ ታሪክ መነገር ይገባዋል ወይ? መጻፍ ከጀመርኩ ጊዜ አንስቶ ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነው። የፊንስበሪ ፓርኳ ባለሱቅ እትዬ ዘነቡ በፋሲካ ሰሞን ሆስፒታል ውስጥ ማረፋቸውን ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ አብዛኞቻችሁም ቀብራቸው ላይ ነበራችሁ። ደግ እንደነበሩና የብዙዎቻችንን ልጆች ፊደል እንዳስቆጠሩ በዕለቱ ተነግሯል። ያልተነገረው የንግዱ ነገር ነው። ለአርባቸው በሚታደል ወረቀት ላይ ስለ ንግድ መጻፍ ነውር ይመስላል፤ እናቴም «ደግ ደጉን ጻፊና ጨርሺ፣ ሰው አታስቀይሚ» ብላኛለች። ሰው ማስቀየም አልወድም። ግን እትዬ ዘነቡ የሞቱት አዝነው ነው፤ ያዘኑበትን ካልጻፍኩ የጻፍኩት እሳቸውን አይሆንም።

እኔ እዚሁ ለንደን ተወልጄ ያደግኩ፣ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ተማሪ ነኝ። ይህን የምጽፍበትን አማርኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ልጅ ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ሥራ ስትሄድ ሱቃቸው ታደርሰኝ ነበር። ከበርበሬው መደርደሪያ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ እሳቸው ሽሮ እየመዘኑ ጆሯቸው እኔ ጋ ነው። «አታጉረምርሚ፤ ፊደሉ አይነክስሽም» ይሉኛል። «እትዬ፣ ይቺን ወርድ ጉግል ላይ ቼክ ላድርጋት?» ስላቸው፣ «እኔ እዚህ ቆሜ? መጀመሪያ እኔን ቼክ አድርጊኝ!» ብለው ይስቃሉ። ከአዲስ አበባ የወጡት በወጣትነታቸው ስለነበር አንዳንድ ቃላቸው እዚያው ዘመን ላይ ቀርቶ ነበር፤ የሰፈሩን ካውንስል እስከ መጨረሻው «ቀበሌ» ነበር የሚሉት።

ሱቁ ቅመምና ነጠላ ይሸጥ ነበር። ነጠላዎቹን ሽሮ ሜዳ ሆነው የሚሸምኑላቸው ጋሽ አንጁሎ የሚባሉ ሸማኔ ነበሩ። እትዬ ዘነቡ አንድም ቀን ሲያጣድፏቸው አልሰማሁም። ባለጉዳይ «ለሠርጉ ይድረስልኝ እንጂ» ብሎ ሲጨቀጭቃቸው፣ «ሠርጉን ገፋ አድርገው፤ የአንጁሎን እጅ ከምገፋ ያ ይቀለኛል» ይሉ ነበር። የጋሽ አንጁሎ ሚስት በታመሙ ጊዜ ገና ያልተሸመነውን ሁሉ እንደተሸመነ ቆጥረው ክፍያውን ልከዋል። ይህንንም የሰማሁት ከጋሽ አንጁሎ ልጅ እንጂ ከእሳቸው አይደለም።

ሊን የመጣችው በዚያ መሀል ነው። ሊን ከሱቁ በላይ ያለውን ክፍል የተከራየች ቻይናዊት ተማሪ ናት። አንድ የክረምት ቀን ደረጃው ላይ ስትንቀጠቀጥ አይተው ነጠላ አልብሰው ሰደዷት። ሊን ለብሳው የተነሳችውን ፎቶ አገሯ ላሉ ጓደኞቿ ላከች፤ በሳምንቱ «የት ይገዛል?» የሚል መልእክት ስልኳን አጨናነቀው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሥራ ጀመሩ። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ቻይና መሽቶ ሰዉ ከሥራ ይገባል፤ ያን ጊዜ ሊን ስልኳን የዱቄት ጆንያ ላይ አስደግፋ በቻይና የመሸጫ ገጽ ላይ ላይቭ ትገባለች፣ እትዬ ዘነቡ አጠገቧ ይቆማሉ። ገዢዎቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ የሚጽፉትን ሊን በእንግሊዝኛ ትተረጉማለች።

«አንዷ የማሽን ሥራ እንዳይሆን ብላ ትጠይቃለች» አለች ሊን አንድ ቀን።

እትዬ ዘነቡ የነጠላውን ጥለት ወደ ስልኩ አቀረቡ፤ አሳዩና ገለበጡት። «ይኸው፤ ፊቱም ጀርባውም አንድ ነው። ሰው እንዲህ ቢሆን እንዴት በታደልን ነበር በያት። ደግሞ ስሟ ማን ነው? አግብታለች?»

«እትዬ፣ ይሄ አይጠየቅም!»

«ልብሴን ልትለብስ አይደል? ለማን እንደምልክ አልወቅ?»

ሊን እየሳቀች ጠየቀች። ልጅቷም መለሰች፤ አላገባችም፣ እናቷ ግን እያስጨነቋት ነው። እትዬ ዘነቡ «እናትሽን ስሚ፤ ግን አትቸኩይ» ብለው አስተረጎሙላት። ያን ቀን የቀረበው ነጠላ ሁሉ አለቀ። ብዙዎቹ ገዢዎች ተመልሰው የመጡት ለነጠላው ብቻ እንዳልነበረ እገምታለሁ። መለያ ስም ሲያስፈልግ ሊን «ዘነቡ» ይሁን አለች፤ ስሙም በአማርኛና በቻይንኛ ጨርቁ ጥግ ላይ ተሰፋ። የሽሮ ሜዳው ጋሽ አንጁሎም ሁለቱን ወንድሞቻቸውን ወደ ሥራው አስገቡ።

ትእዛዙ ሲበዛ ማሸጊያ ካርቶን የሚሠራ ፋብሪካ አስፈለገ። ከደቡብ ቻይና የአንድ ፋብሪካ ወኪል ለሌላ ጉዳይ ለንደን መጥቶ ነበርና ሱቁ ድረስ መጣ። ስሙ ሚስተር ሁ ነው። ትሑት፣ ፈገግታው የማይጠፋ ሰው ነበር። እትዬ ዘነቡ እንደ እንግዳ ተቀበሉት፤ ምሳ አበሉት፣ በእጃቸው አጎረሱት። ክሩ ከየት እንደሚመጣ፣ ጥለቱ እንዴት እንደሚቆጠር፣ ማን እንደሚሸምነው፣ የጠየቀውን ሁሉ ነገሩት። የጥለቶቹን ፎቶ አነሳ፤ እጃቸውንም ነጠላ ሲያጥፉ አነሳው። ሲሄድ «ለእናትህ» ብለው ከሁሉ የተሻለውን ነጠላ ሰጡት።

ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር አቶ ኪሮስ፣ አሥመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩት፣ ያን ቀን ሱቁ ውስጥ ጋዜጣ ያነቡ ነበር። ሰውየው እንደወጣ ጋዜጣቸውን አጠፉ።

«ዘነቡ፣ ይሄን ስም እዚያ አገር አስመዝግቢው። እዚያ ቀድሞ ያስመዘገበ ነው ባለቤቱ ይባላል።»

ሊንም «እውነታቸውን ነው እትዬ። እኔ አፕላይ አደርግልዎታለሁ» አለች።

«የገዛ ስሜን? ቄስ የጠራውን ስም ደግሞ ከማን ላስፈቅድ?»

«ቄሱ ቻይና ድረስ አይሰማም» አሉ አቶ ኪሮስ።

«አንተ ኪሮስ፣ ያጎረስኩት ሰው ገና ጣቢያው ሳይደርስ ሌባ ላድርገው? ተወኝ።»

ሌላ ስህተት አላውቅባቸውም። ይህኛውንም ስህተት ብዬ ስጽፍ እጄ ከብዶኛል፤ ቤታቸው የገባን ሰው አለመጠርጠር ነውና። ካርቶኖቹም በጊዜያቸው ደረሱ፤ ሚስተር ሁ ሰላምታ እየጻፈ ቆየ።

በዓመቱ አንድ ቀትር ላይ ሊን ስልኳን ይዛ ከፎቅ ወረደች፤ ፊቷ ልክ አልነበረም። በዚያው የመሸጫ ገጽ ላይ ሌላ ሱቅ ተከፍቷል። ስሙ «ዘነቡ» ነው። ጥለቶቹ የጋሽ አንጁሎ ጥለቶች ናቸው፤ ግን በማሽን የታተሙ ናቸው። ዋጋው ክሩን እንኳ አይሸፍንም። ከላይ የተለጠፈው ፎቶ ሁለት እጆች ነጠላ ሲያጥፉ ያሳያል። እትዬ ዘነቡ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

«ይሄ የኔ እጅ አይደለም እንዴ?»

ብዙም ሳይቆይ የእሳቸው ገጽ ታገደ። የተሰጠው ምክንያት፣ የተመዘገበን ስም አስመስሎ መሸጥ የሚል ነበር። ሊን ስትተረጉምላቸው ሁለት ጊዜ አስደገሟት።

«ስሜን አገር ሙሉ ይጠራዋል፤ እኔ ብቻ ተከለከልኩ?»

ሊን ለሚስተር ሁ ደወለችና ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሰውየው አልተቆጣም፤ ሰላም ብሎ ጤናቸውን ጠየቀ። «እናቴ ነጠላውን በጣም ወዳዋለች፤ ከትከሻዋ አይወርድም» አለ።

«ስሙስ?» አለች ሊን።

«ስሙን ማንም አልያዘውም ነበር።»

እትዬ ዘነቡ ከዚያ በኋላ ስለ እሱ ሲያወሩ አልሰማሁም። ሊን ይግባኝ ጻፈች፤ ፎቶ፣ የድሮ ላይቭ፣ የገዢዎች ምስክርነት ሰብስባ አያያዘች። ደግሞም «እስኪወሰን ሌላ ስም እናውጣና ሥራው ይቀጥል» ብላ ለመነቻቸው። እምቢ አሉ። «ያቺ እናቷ የሚያስጨንቋት ልጅ እኔን ብላ ነው የገዛችው። ስሜን ብቀይር ያ የታተመ ጨርቅ እውነተኛ፣ እኔ ውሸተኛ ሆኜ እቀራለሁ። እጠብቃለሁ» አሉ።

እየጠበቁ ሳለ ጨርቁ ለንደን ገባ፤ ኪልበርን በሚባለው ሰፈር ይሸጥ ጀመር። አንድ ቅዳሜ አንዲት የቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን አባል በደስታ ሱቁ ገባች። ስሟን አልጽፍም።

«እትዬ ዘነቡ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ኪልበርን ድረስ ደረሱ እኮ! የእርስዎ ስም ያለበት ነጠላ በዚህ ዋጋ! ለእህቶቼም ጨምሬ ገዛሁ፤ እርስዎን ለመደገፍ ብዬ ነው።»

ነጠላውን ተቀብለው ጥለቱን ዳሰሱት። ገለበጡት፤ ጀርባው ነጭ ነው። መልሰው አጠፉትና ሰጧት።

«ያምርብሽ። በጤና ልበሽው።»

ስትሄድ «ለምን አልነገሯትም?» አልኳቸው። «ደስ ብሏት መጣች። ምን ብዬ ደስታዋን ላበላሸው?» አሉና የተመዘነውን በርበሬ እንደገና መመዘን ጀመሩ።

እሷ አላወቀችም። እናንተ ግን አውቃችኋል። አቶ ኪሮስ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ቆመው ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረድተዋል። «ያሳዝናል» ብላችሁ ራሳችሁን ነቀነቃችሁ። «እግዜር ይፍረድ» ያላችሁም ነበራችሁ። ከዚያም ኪልበርን ሄዳችሁ ገዛችሁ። ለጥምቀት ገዛችሁ፣ ለሠርግ ገዛችሁ። «እኛ ደሃ ነን፣ ምን እናድርግ» የሚለውን እቀበላለሁ፤ የብዙዎቻችን ቤት ኑሮ ከባድ ነው። ግን እትዬ ዘነቡ ሱቅ ገብታችሁ አንድ ቀን እንኳ «እንዴት ሆኑ?» ማለት ምንም አያስከፍልም ነበር። አፍራችሁ ይሆናል። ያፈረ ሰው ግን በዚያ በር ማለፍ ተወ፤ ሱቁ ቀዘቀዘ፣ እሳቸውም ከሱቁ ጋር ቀዘቀዙ።

ጋሽ አንጁሎ የሽመና ዕቃቸውን የነቀሉት በዚህ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። ወንድሞቻቸው ቀን ሥራ ገቡ። የመጨረሻዋን ነጠላ ለእትዬ ዘነቡ ላኩላቸው። እሳቸውም ለሊን ሰጧትና የአለባበሱን ወግ አስተማሯት፤ ለደስታ እንዴት እንደሚለበስ፣ ለሐዘንም እንዴት እንደሚዘቀዘቅ። ሊን «ይሄኛው ለምን ያስፈልገኛል?» ስትላቸው «እወቂው፤ አገራችን መጥተሻል» አሏት። ያን ጊዜ መታመማቸውን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

በቀብራቸው ዕለት ዝናብ አልነበረም። ሁላችሁም በወጉ ነጠላችሁን አዘቅዝቃችሁ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አውጥታችሁ ቆማችሁ ነበር። እኔ ከመቃብሩ ራስጌ ስለነበርኩ ፊት ለፊት አየኋችሁ። ንፋሱ ዳር ዳሩን ሲገለብጠው የአብዛኞቻችሁ ጀርባው ነጭ ነበር። የእናቴም ነጭ ነበር። ጥግ ጥጉ ላይ ደግሞ የተቀበሩት ሴት ስም ተሰፍቷል። ፊቱም ጀርባውም አንድ የሆነ ጥለት ያየሁት በሊን ትከሻ ላይ ነው። እሷም ልክ እንዳስተማሯት አዘቅዝቃው፣ ከሁላችሁ ኋላ ብቻዋን ቆማ ታለቅስ ነበር። ማንም «ነይ፣ ወደ ፊት ቅረቢ» አላላትም።

ሰው አላስቀይምም ብዬ ጀምሬ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ያየሁትን እንዳላጉረመርም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

እትዬ ዘነቡ፣ አሁን ለእርስዎ ልናገር። በርጩማዬ አሁንም ከበርበሬው መደርደሪያ ሥር አለ። ሱቁን የተከራዩት ሰዎች ስልክ ይጠግናሉ፤ መደርደሪያውን ግን ገና አላነሱትም፣ ሽታውም አልለቀቀም። ጋሽ አንጁሎ መርዶዎን ሲሰሙ «ማን ያጣድፈኝ ይሆን አሁን» ብለው ቀለዱና ከዚያ አለቀሱ ብሎ ልጃቸው ነግሮኛል። ያቺ እናቷ የሚያስጨንቋት ልጅ ለሊን ጽፋላታለች፤ አሁንም አላገባችም፣ የእርስዎን ነጠላ ለብሳ ፎቶ ልካለች፤ ሁለቱንም ገጽ እያሳየች። ይህን ቢያዩ ኖሮ «አትቸኩይ በያት» እንደሚሉ ስለማውቅ እኔው አስተረጎምኩላት።

አንድ ነገር ግን ሳይሰሙ ሄደዋል፤ አለመስማትዎም ደስ ይለኛል። እጠብቃለሁ እንዳሉት እስከ መጨረሻው ጠበቁ፤ በሌላ ስም አልተጠሩም። ደህና ይሁኑ፣ መምህሬ። ይግባኙ ለመጨረሻ ጊዜ ውድቅ ሆኖ ስምዎ ለፋብሪካው የጸናው እርስዎ በተቀበሩ ማግስት ነው፤ ሚያዝያ ሃያ ስምንት ቀን።