ማታ ማታ የሚጠፋው የጋሽ ሰይድ ፍሪጅ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ አዲስ አበባ

ዓይኔን ሳልከድን ነው ያደርኩት። ሚኒባሱ ውስጥ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀምጫለሁ፤ እግሬ ሥር ትርፍ ባትሪ፣ ጉልበቴ ላይ ደብተሬ። ደብተሩ ላይ ከወር በፊት ሸዋ ሮቢት አጠገብ ላለ አንድ የገጠር ቤት የነደፍኩት የሶላር ስሌት አለ፦ ሁለት ፓኔል፣ አንድ ባትሪ፣ ትንሽ ፍሪጅ፣ ሦስት አምፖልና የጉድጓድ ፓምፕ። የቤቱ ጌታ ጋሽ ሰይድ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። በዚያ ቆላ ኢንሱሊን ያለ ፍሪጅ አይከርምም። ትናንት ባለቤታቸው እትዬ ዘይነብ ደውለው፣ «ፍሪጁ ማታ ማታ ይጠፋል፤ መርፌውም አልሠራ አለ» አሉኝ። ስሌቱን ሃያ ጊዜ ደመርኩት፤ ሃያ ጊዜም ልክ መጣ። ያስፈራኝም ይኸው ነው።

ረፋድ 3 ሰዓት፣ ጣርማ በር

ጉም። ከዋሻው በፊት ኬላ ላይ አስቆሙን። ፈታሹ ካርቶኔን በእግሩ ነካ አደረገ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሶላር ባትሪ።»

«ሽቦውስ?»

«ሰውዬ፣ ልታሳድረን ነው እንዴ?» አለ ሹፌሩ። የታመመ ሰው ቤት እንደምሄድ አስረዳሁት። ፈታሹ ፊቴን አይቶ ለቀቀን። ደብረ ሲና ላይ ሰው ሁሉ ቆሎ ሲገዛ እኔ ከመኪናው አልወረድኩም።

5 ሰዓት ተኩል፣ ሸዋ ሮቢት

ሙቀቱ ከነአቧራው ተቀበለኝ። የሽንኩርት ጆንያ፣ ማሾ የጫነ አይሱዙ፣ ባጃጅ በባጃጅ ላይ። መድኃኒት ቤት ገብቼ ኢንሱሊን ጠየቅሁ።

«ያለን ሁለት ብልቃጥ ነው። ሌላ የሚመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነው» አለችኝ ባለሙያዋ።

በረዶ የያዘ ፔርሙዝ ውስጥ አደረገችልኝ። ባጃጅ ላይ ሆኜ ፔርሙዙን ባወዛወዝኩ ቁጥር የበረዶው ድምፅ እየቀነሰ ሄደ። ፍሪጁን ከመምሸቱ በፊት ካላዳንኩት እነዚህም ይበላሻሉ።

8 ሰዓት፣ ጋሽ ሰይድ ቤት

ከንፈራቸው ደርቋል፣ ዓይናቸው ጎድጉዷል። ከአንዱ ብልቃጥ ወዲያው ተወጉና፣ «አብሽር ልጄ፣ መጀመሪያ ውሃ ጠጣ» አሉኝ። አፈርኩ።

ጣሪያ ወጣሁ። ፓኔሎቹ ንጹሕ ናቸው። ሽቦው ጠብቋል። ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቷል። ምንም ጥፋት የለም! ጥፋት ባገኝ ይሻለኝ ነበር።

አስር ሰዓት ሲሆን ፓምፑ ብቻውን ተነሣ። ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋውን ታይመር አየሁ፤ 10:00 ይላል። ስሌቴም ላይ ፓምፑ የሚነሣው በ10:00 ነው። የግድግዳው ሰዓትም አስር ነው። ሁሉም ልክ ነው፤ ግን ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። ስልኬን አወጣሁ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር አራት ሰዓት ይላል።

«ጋሼ፣ ይህን ሰዓት የነካው አለ?»

«እኔ ነኛ! ባለፈው ሳምንት ስድስት ሰዓት ተዛብቶ አገኘሁት። መርፌዬን በሰዓት ነው የምወጋው፤ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰዓት ግራ ቢያጋባኝ አስተካከልኩት።»

ፓምፑን የመደብኩት በረፋድ አራት፣ በፈረንጅ 10:00፣ ተነሥቶ በቀትር ፀሐይ እንዲሠራ፣ ባትሪው ግን ለሌሊቱ ፍሪጅ እንዲተርፍ ነበር። ስገጥመው ታይመሩን በፈረንጅ ሰዓት መሙላቴን ለማንም አልተናገርኩም። እና አንድ ሳምንት ሙሉ ፓምፑ ከአስር ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ባትሪውን ሲጠጣ ከርሟል።

«በዚህ ሰዓት ሲነሣ አልገረማችሁም?»

«ከብቶቹ ከመስክ ሲገቡ ውሃ እንዲያገኙ አስቦልን ነው ብለን» አሉ እትዬ ዘይነብ። «መርቀንህ ነበር እኮ!»

ሳቅም እንባም መጣብኝ። የእሳቸውን ሰዓት አልነካሁም። ፓምፑን አጥፍቼ የእኔን ማስነሻ 10:00 ወደ 4:00፣ ማጥፊያውን 15:00 ወደ 9:00 ለወጥኩ። ብልቃጦቹን ፍሪጅ ውስጥ አስገባሁ። ባትሪው እስኪነጋ ይበቃ ይሆን? አላውቅም ነበር።

ዓርብ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት

ፍሪጁ ፊት ቆሜ ለመክፈት ፈራሁ። ጋሽ ሰይድ ከሱብሂ ሶላት ተመለሱና ፍሪጁን ራሳቸው ከፈቱት። መብራቱ በራ። ብልቃጡን አንሥተው ሳላስበው ጉንጬ ላይ አሳረፉት፤ ደንግጬ ዘለልኩ።

«ቀዘቀዘህ?»

«በጣም፣ ጋሼ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና መርፌያቸውን ለመወጋት እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።