ብረቱ ዝም ያለ ሰሞን

እኔ ቁጭ ማለት አይሆንልኝም። ከወሎ መጥታ ነቀምቴ ያረጀችው እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «አንቺ እኮ መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። ለስላሳ መሸጡ ሲሰለቸኝ ጨለለቂ ሰፈር ካለው ቤታችን ጓሮ የአየር ጠመንጃ ተኩስ ጨዋታ ከፈትኩ። ሰፈሩ «አበደች» አለ። ይበላ! ቀበሌው ፈቅዶልኛል፤ ጠመንጃዋም ብትበረታ ወፍ ብትገድል ነው።

ያስጨነቀኝ ዒላማው ነው። ያልሞከርኩት ነገር የለም። ወረቀት ለጠፍኩ፣ የነቀምቴ ዝናብ በአንድ ከሰዓት አሟሟው። ፊኛ ነፋሁ፣ ነፋሱ እያወዛወዘው ተኳሹ ሁሉ «አጭበረበርሽኝ» ይለኛል። የዘይት ቆርቆሮ ደረደርኩ፣ ሳምንት ሳይሞላው ወንፊት ሆነ። ከዚያ ስስ ላሜራ አስቆረጥኩ። እሱ ደግሞ ባሰ። ላሜራ ሲመታ ይሰረጉዳል፤ የሰረጎደው ላይ ያረፈች የእርሳስ ጥይት ዞራ ወደ ተኳሹ ትመለሳለች። አንዷ ጆሮዬ ሥር ሽው ብላ ስታልፍ ላሜራውን ነቅዬ አጥር ላይ ወረወርኩት።

በመጨረሻ መናኸሪያው አካባቢ ካለ ጋራዥ የአሮጌ አይሱዙ ባሌስትራ አገኘሁ። የመኪናን ክብደት ተሸክሞ የኖረ ብረት በእርሳስ ፍሬ አይሰረጉድም አልኩ፤ አልተሳሳትኩም። በያጁ ግን እንደ በር ቀጥ አድርጎ ምሰሶ ላይ ሊበይደው ተነሳ። «ኧረ ተው! አናቱ ወደ እኛ ዘንበል ይበል፤ እርሳሷ ተመትታ መሬት ትውረድ እንጂ ግንባሬን ትምጣ?» ብዬ ተጨቃጨቅሁ። በሰንሰለት አንጠለጠልነው፤ ከኋላው ተቆርጦ እንደ ግድግዳ የቆመው ቀይ አፈር የሳተውን ሁሉ ይውጣል። ከሥሩም በማጠፊያ የቆሙ ትንንሽ ብረቶች አደረግሁ፤ ሲመቱ ይወድቃሉ፣ ገመድ ስስብ ይነሳሉ።

ባሌስትራው እንዴት ይጮህ ነበር መሰላችሁ! ጠመንጃዋ «ጧ» ስትል እሱ «ቂ...ው» ብሎ ይመልሳል፤ ድምፁ እስከ አስፋልቱ ይሰማል። በአጥር የምንዋሰን ሽማግሌ ጎረቤቴ እሁድ ከቸርች ሲመለሱ ሳይተኩሱ ቤታቸው አይገቡም። ሲመታላቸው ከረባታቸውን እያስተካከሉ «ሩኩቴ! መታሁት!» ብለው ሰፈሩን ያሳውቃሉ፤ ሲስቱ ጠመንጃዋ ተጣማ ነው።

ታላቅ ወንድሜ የመጣው በዚያው ክረምት ነው። ገጠር ውስጥ፣ ከእኛ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ያስተምር ነበር። ጊዜው ሲከፋ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ሰውም ተበተነ። እሱ በእግሩ መጣ። እግሩን አጠብኩት፣ አበላሁት፣ አልጋ አነጠፍኩለት። ምን እንዳየ ግን አልጠየቅኩትም። ያደግንበት ሥርዓት ነው፤ ከመከራ የወጣ ሰው ራሱ አፉን እስኪከፍት አይጠየቅም። ጎረቤቱም «እንኳን ለዚህ አበቃህ፣ ጃባዹ፣ በርታ» ብሎ፣ ስለ ዝናቡና ስለ በቆሎው አውርቶ ይሄዳል። እኔ የማላርፈዋ ሴት፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት። እንዴት እንደሚከብድ!

ወንድሜ ዓይኔ እያየ ያልቅ ጀመር። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። ከእሱ ሌላ የሥጋ ዘመድ የለኝም፤ እሱን ካጣሁ በዚህች ምድር እህቴ የሚለኝ የለም። ስለዚህ እንደ ጭልፊት እጠብቀዋለሁ። ጓሮ ጠመንጃዋ ጧ ስትል ያነሳው ጉርሻ አፉ ሳይደርስ ይቆማል። ብረቱ ሲጮህ ዓይኑን ይጨፍንና ረጅም ትንፋሽ ያወጣል። በቃ፣ ድምፁ ነው የሚያሰቃየው አልኩ። ጨዋታውን ልዝጋው እንዳልል የምንኖረው በእሱ ነው።

እኔ መቼም ካሰብኩ አላድርም። ከባሌስትራው ጀርባ ወፍራም ጎማ አስጠግቼ በሽቦ ጠፈርኩት። ሰንሰለቱንም ፈትቼ በጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ አንጠለጠልኩት። ፊቱን ነጭ ቀለም ቀባሁት፤ መምታት አለመምታቱ እርሳሷ በምትተወው ጥቁር ነጥብ ይታወቃል። ትንንሾቹ ብረቶች የሚወድቁበትም ቦታ ጆንያ አነጠፍኩ። ስሞክረው «ድፍ» ብሎ ቀረ። በሥራዬ ኮራሁ።

ሽማግሌው እሁድ መጥተው አንድ ተኮሱና ጆሯቸውን አዘነበሉ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ብረት ምን ነካው? ሞተ እንዴ?» አሉኝ። «አርጅቶ ነው አባ» ብዬ አለፍኩት። ሆዴ ግን፣ ብረቱ ይሙት፣ ወንድሜ ይዳንልኝ ይላል።

ወንድሜ ግን ብሶበት አረፈው። ድሮ ቤት ተቀምጦ የሚሰማው ሰውዬ አሁን ጧ ባለ ቁጥር እየወጣ ይመጣል። ቆሞ ሰዎቹን አንድ በአንድ ያያል፤ እስከ አፈሩ ድረስ ሄዶ ከኋላው ያማትርና ይመለሳል። ሳይቀመጥ ሌላ ይተኮሳል፤ ደግሞ ይወጣል። ሌሊት የተኛ አይመስልም፤ እግሩ ብቻ ነው የሚሠራው። በመቅበጥበጥ ከእኔ ብሶ አያውቅም ነበር፣ እኔን እንኳ አስናቀኝ። ደንበኞቼ ሲያዩት እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ጨዋታው ይቀዘቅዝና አንድ ሁለት እያሉ ይሄዳሉ።

አንድ ቅዳሜ ሽማግሌው ተኩሰው ጠመንጃዋን ሳያስቀምጡ፣ ወንድሜ እየሮጠ መጥቶ ሁለት ትከሻቸውን ያዘ። ደረታቸውን በመዳፉ እየዳበሰ «ደህና ነዎት? አልተመቱም?» አላቸው። ተኳሹ ራሳቸው! ሽማግሌው ደንግጠው «ደህና ነኝ ልጄ፣ ደህና ነኝ» አሉና ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ። እኔ ደሜ ፈላ።

«ኧረ ምን ሆነሃል ወንድምዓለም? ሰው አባረርክብኝ እኮ! ለማን ብዬ ነው ብረቱን ያፈንኩት? ለአንተ አይደል?»

«ለእኔ?» አለ። ነጩን ብረት ዞሮ አየው። «አንቺ ነሽ ዝም ያሰኘሽው?»

«ድምፁ ሲያሰቃይህ ጊዜ ነዋ!»

ራሱን ነቀነቀ። «እኔ እኮ እሱን ነበር የምጠብቀው። ተኩስ ስሰማ የት እንዳረፈ ማወቅ አለብኝ። ብረቱ ሲጮህ አውቃለሁ፤ ብረት ላይ ነው፣ ሰው ላይ አይደለም። ያኔ እተነፍሳለሁ። አሁን ጧ ይላል፣ ከዚያ ዝም። ወጥቼ ካላየሁ ማን እንደቀረ በምን ልወቅ?»

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት እኔ ነኝ። ቢላ አምጥቼ ጎማውን ብታገለው አልቆረጥ አለኝ፤ እሱ መጥቶ ቢላውን ከእጄ ወሰደና ጎማውን ራሱ ይቆርጥ ጀመር። ጎን ለጎን ቆመን፣ ፊቴን ሳያየኝ፣ ሥርዓት የሚባለው ነገር ገደል ይግባ ብዬ ጠየቅኩት።

«ያን ጊዜስ ጥይቱ የት ነበር ያረፈው?»

መቁረጡን አላቆመም። «በቆሎ ውስጥ ተኝተን ነበር፣ እኔና አብሮኝ የሚያስተምር ጓደኛዬ። አንዴ ብቻ ተተኮሰ። ከዚያ ምንም የለም፤ የጮኸም ሰው የለም። አለፈን አልኩና ተመስገን አልኩ። ዝናቡ ሲጀምር እሱ አልተነሳም። እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ፣ እንዳይበርደው ጃኬቴን ደረብኩለት።»