ጥፋቱ የዱላው ነው

ሱቅ ሲገቡ ኮታቸውን አውልቀው በክንዳቸው ያንጠለጥላሉ። ጥፍራቸው ከሥር የተከረከመ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ ነጭ ነው፤ የጥርስ ሐኪም ናቸው። በየወሩ አዲስ የጎልፍ ዱላ ይገዛሉ። ያለፈው ከበዳቸው፣ የፊተኛው ቀለላቸው፤ ኳሷ ግን በየትኛውም ዱላ ቢመቷት ቁጥቋጦ ውስጥ ትገባለች።

«ጋሼ፣ ሚስት የሚመርጡ እኮ ነው የሚመስሉት» ትላቸዋለች ሻጯ።

«ሚስትማ ስመርጥ እንዲህ አልተቸገርኩም፣ ልጄ።»

ዛሬ አዲሱን ዱላ ስታቀብላቸው አንዱን ጫፍ እሷ፣ ሌላውን እሳቸው ያዙ። የእጃቸው መንቀጥቀጥ ከወትሮው ብሶ በብረቱ በኩል መዳፏ ድረስ መጣ። ነፍሱን ይማረውና አባቷም በመጨረሻው ዘመን ብርጭቆ ሲቀበላት እንዲሁ ነበር። እስከ ዛሬ «ልክ ነዎት፣ ያኛው ሚዛኑ የተዛባ ነው» እያለች ስትሸኛቸው ኖራለች። አሁን ግን ይህ እጅ ነገ ሰው አፍ ውስጥ መሰርሰሪያ ይዞ እንደሚገባ ታሰባት።

«ጋሼ፣ ዱላው ደህና ነው» አለች ቀስ ብላ።

ሐኪሙ ዱላውን አልለቀቁም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከሦስተኛው ዱላ።»

«እኔ ከመጀመሪያው» አሉ፤ ወንበር ስባ ስትሰጣቸውም ተቀመጡ።