የጨንቻ ጭጋግና ያልለበስኩት ጋቢ

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ መምህሩ አሮጌ መኪናውን ለማስነሳት ሲታገል ሰማሁት። ሌሊቱን አርባ ምንጭ ላይ ሲዘንብ አድሮ ነበር። ሞተሪኖው ይዞራል፣ ይዞራል፤ ሞተሩ ግን እምቢ። ሌላው ሰው በዚህ ድምፅ ይናደዳል፣ እኔ ግን ጨንቻን አስታውሳለሁ። ሻዬን አስቀምጬ ወጣሁ።

ወጣት ሳለሁ የአንድ ነጋዴ ፒክአፕ ነበር የምነዳው፤ የምጠግነውም እኔው። የቆላ ልጅ ስለሆንኩ መኪና የማውቀው በአቧራና በሙቀት ነው። አንድ ክረምት ጨው ጭኜ ደጋው ላይ ጨንቻ ወጣሁና እዚያው አደርኩ። ገና ሳይነጋጋ ኤልያስ የሚባል ሸማኔ የአልቤርጎዬን በር አንኳኳ። ሚስቱ ዘነበች ምጥ ጠንቶባታል፣ አርባ ምንጭ ሆስፒታል አድርስልን አለኝ። ጎረቤቶቹ ቃሬዛ ይዘው ቆመዋል፤ በዚያ አገር ሰው ሲታመም መንደሩ እየተቀባበለ ነው የሚሸከመው።

"የምን ቃሬዛ? እኔ አደርሳታለሁ!" አልኩ። ከፒክአፑ ጋቢና ውስጥ፣ ከጎኔ አስገባናት። ቁልፉን ባዞር ሞተሪኖው ያለከልካል እንጂ ሞተሩ አይነሳም።

ኮፈኑን ከፈትኩ። ጭጋጉ ዓይን ይወጋል። እሳት የሚረጩትን ካንዴላዎች ፈትቼ አጸዳሁ፤ እሳት የለም። ቦቢናውን ጠረጠርኩ። እሳቱን የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቡተሩን ክዳን አንስቼ፣ የክዳኑን ውስጥ ሳላይ፣ ፑንቲናውን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁ። አንዲት ሴት የተቀቀለ ድንች በሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ ሰጠችኝ፤ ዘነበች እያቃሰተች እኔ ቆሜ በላሁ። ያ ዳጣ እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ።

"ወንድሜ፣ ጭጋጉ ይሆን እንዴ?" አለ ኤልያስ፣ ጋቢውን ከትከሻው እያወረደ። "እንዲህ ባለ ቀን የኔም ክር ይረጥባል። በዚህ ብትጠራርገውስ?"

"ሽመና መሰለህ እንዴ?" ብዬ ጮህኩበት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኔ ግን ጠምጥሜ ነበር።

ቃሬዛውን የያዙ አንድ አዛውንት "ልጄ፣ እኛ በእግራችን እንጀምር" አሉ።

"ቆይ አባባ፣ አሁን ይነሳል!" ሦስት ጊዜ እንዲህ አልኩ። ባለሙያ ነው ብለው አመኑኝ።

ፀሐይ ወጥታ ጭጋጉ ሲገፈፍ፣ ምንም ሳልነካው፣ መኪናው በአንዴ ተነሳ። ዘነበች ቁልቁለቱን ሳንጨርስ አረፈች፤ ልጁም አልተረፈም። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሞቹ "ትንሽ ቀድማችሁ ቢሆን" አሉን። ኋላ የዲስትሪቡተሩን ክዳን ገልብጬ ሳየው ውስጡ የደረቀ የጠብታ አሻራ ነበረበት። በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ብቻ ነበር እኮ! የደቂቃ ሥራ።

ከሐዘኑ በኋላ ኤልያስ አርባ ምንጭ ወርዶ ራሱ የሸመነውን ጋቢ ሰጠኝ። "እጅህ ይባረክ፣ ደክመህልናል" አለኝ። ስለ ጭጋጉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እሱ እንዳለው መጥረግ ብቻ ይበቃ እንደነበር ልነግረው ፈለግሁ፤ ግን ፈራሁ።

ዛሬ መምህሩን "የዲስትሪቡተሩን ክዳን አንሳው" አልኩትና ውስጡን በሸሚዜ ጫፍ ጠረግሁለት። ወዲያው ተነሳ።

"እጅዎ ይባረክ፣ ጋሼ!" አለኝ።

ቤቴ ገብቼ ሳጥኑን ከፈትኩ። ጋቢው እንደ ታጠፈ ነው፤ አንድም ቀን ለብሼው አላውቅም። ኤልያስ ያን ጊዜ ሰድቦኝ ቢሆን ኖሮ እለብሰው ነበር።