ከፊት የሚከፈት ቀሚስ

ሕፃናት የሚከተቡበት ክፍል በር ላይ፣ አግዳሚው ወንበር ጫፍ ተቀምጣለች። ጠጉሯ ገብስማ ነው፤ ቀለም አልነካውም። የልብስ መለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደረሳችው ነው የመጣችው። ከአንገት እስከ ወገብ በቁልፍ የሚከፈተውን ቀሚስ ራሷ ሰፍታዋለች። እቅፏ ውስጥ ያለው ሕፃን የሜትሩን ጫፍ ያኝካል፤ ሸሚዙ ከሌሎች ልጆች ልብስ በተረፉ ቁርጥራጮች የተገጣጠመ ነው።

ከጎኗ በዕድሜ እኩያዋ፣ ምናልባትም ታላቋ የሚሆን ሽበታም ሰውዬ ሕፃን ታቅፏል። ነርሷ ገና ስታየው፣ "ጎበዝ አባት! ወንድ አያረጅም እኮ!" ብላ ልትስመው ምንም አልቀራት። ከዚያ ወደ እሷ ዞረች።

"እማማ፣ እናቱ የት ሄዳ ነው እርስዎን የምታንከራትትዎት? የዛሬ ልጆች መውለድ እንጂ ማሳደግ አያውቁም!"

ወይ ጉድ! እዚያው ወንበር ላይ፣ በዚያው ሽበት፣ እሱ ጎበዝ፣ እሷ እማማ! ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ልጆች ልብስ ስትሰፋ፣ ደንበኛው ሁሉ "የራስሽንስ መቼ ነው?" እያለ ሲያቆስላት ኖረ። ይኸው ወለደች። አሁን ደግሞ "በዚህ ዕድሜ?" መጣ። የሰው አፍ ምን ቢሰጡት ይጠግባል?

አልተሳደበችም። ሕፃኑ ሲነጫነጭ የላይኛውን ቁልፍ ፈታች፤ ቀጥሎ የታችኛውን።

"እናቱማ የትም አልሄደች" አለች፣ ልጇን ጡቷ ላይ እያስጠጋች። "ብቻ ዘግይታ ነው የመጣችው። ሲጠግብ ትከትቢልኛለሽ።"