ቱሉ በወረቀት ላይ የሞተበት ሳምንት

ቀራንዮ መድኃኔዓለም አካባቢ ጉዲቱን ማታለል አይሞከርም ይባል ነበር። ቅቤ ነጋዴ ናት። ከገጠር የመጣ ቅቤ ላይ አውራ ጣቷን ሰክታ አንዴ ካሸተተችው ሞራ የተደባለቀበት እንደሆነ ታውቃለች፤ ሻጩንም ከነአህያው ታባርረዋለች። እንግዲህ ይህቺ ሴት ናት በ1963 ዓ.ም.፣ ከፋሲካ በኋላ በዋለ አንድ ማክሰኞ፣ በሯን ያንኳኳውን ከረባት ያሰረ ወጣት መለየት ያቃታት።

እንዲያው አይፈረድባትም። ያን ሰሞን ልጇን ፅጌን ለአቶ አየለ ልጅ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ከሳንሱሲ መጥተው ነበር። ሲወጡ «ዘመድ አዝማድ ጠያይቀን እንመለሳለን» አሉ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። አንድ ፊቱ ያልታወቀ ሰው ወደ ሰፈሩ ይላካል፤ በዘራቸው ቁምጥና አለ ወይ፣ እብድ አለ ወይ እያለ ከጎረቤቱም ከጠላ ቤቱም ወሬ ይለቃቅማል። በጉዲቱ ቤት ጓዳ ውስጥ ደግሞ ቱሉ አለ።

ቱሉ ታናሽ ወንድሟ ነው። አናጺ ነበር፤ የምትተኛበትን አልጋ የሠራላት እሱ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ብቻውን ማውራት ጀመረ፤ ቀጥሎ ሥራውን ተወ፤ በኋላማ ሰው ሁሉ ሊገድለው የሚያደባ መሰለው። ጠበል ወሰደችው፣ ሁለት ክረምት እዚያው አብራው ከረመች። በመጨረሻ ጓዳ ገባና በሩ ከውጭ ተቀረቀረበት። የቅርብ ጎረቤት ያውቃል፣ ግን አፉን ይይዛል።

ሽማግሌዎቹ ከመጡ ወዲህ ጉዲቱ እንቅልፍ አጣች። አጥሯ ጥግ ጎንበስ ብሎ ጫማውን የሚያስር መንገደኛ ሁሉ ሰላይ ይመስላት ጀመር። ቱሉን «አደራህን፣ ድምፅህ እንዳይሰማ» እያለች ትለምነዋለች።

ወጣቱ ስሙ ጥሩነህ እንደሚባል፣ ከዩኒቨርሲቲ እንደመጣና ስለ አእምሮ ጤና ለሚደረግ ጥናት ቤት ለቤት እየዞረ እንደሚጠይቅ ተናገረ። ጉዲቱ በሆዷ «ወይ ብልጠት! አሁንማ በወረቀት ሆነና!» አለች። በአፏ ግን «ግባ ልጄ» ብላ በርጩማ አቀረበችለት።

«እዚህ ቤት ስንት ሆናችሁ ነው የምትኖሩት?»

«እኔና ልጄ ብቻ። ሁለት ነን።»

«እንቅልፍዎ እንዴት ነው?»

«እንደ ሕፃን ነው የምተኛው» አለች፣ ሦስት ሌሊት ዓይኗን ያልከደነችው ሴት።

«ብቻውን የሚያወራ፣ ሰው የሚፈራ፣ ከቤት የማይወጣ ዘመድ አለዎት?»

«የእኛ ዘር እስከ ሰባት ቤት ቢቆጠር ንጹሕ ነው! ለላኩህ ሰዎች እንዲህ አለች ብለህ ንገራቸው።»

ጥሩነህ ግራ ገብቶት አያት። «ወንድም ወይም እህትስ አለዎት?»

ወንድም እንዳላት ጎረቤት ነግሮት ቢሆንስ? የለኝም ብትል ውሸቷ ሊነቃባት ነው። «አንድ ነበረኝ» አለች። «ሞቷል።»

«ነፍስ ይማር» አለና ጻፈው።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከጓዳው ኮሽታ እንኳ አልተሰማም። ጉዲቱ እንግዳዋን እስከ በር ሸኝታ እፎይ አለች።

እፎይታዋ ግን ከምሳ አላለፈም። ሳህኑን ይዛ ስትገባ ቱሉ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል።

«ብላ እንጂ፣ ቱሉ።»

«የሞተ ሰው ምን ይበላል፣ እትዬ?»

ራቱንም አልነካ። በማግስቱ ለምናው፣ ተቆጥታው፣ አልቅሳበት፣ ውኃ ብቻ ተጎነጨ። ጎረቤቷ ደሜ ብቅ ያለችው ይሄኔ ነው።

«ያ ልጅ እኔም ቤት መጥቶ ነበር» አለች ደሜ። «እኔ እንኳ ያንቺን ገመና ካፌ አላወጣሁም። የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው አሉ፤ ነገ ሐኪም በመኪና ይዘው መጥተው የተመዘገበውን በሽተኛ ሁሉ ያያሉ፣ መድኃኒትም ይሰጣሉ። ከዚያ ወደ ሌላ ሰፈር ነው የሚያልፉት። መቼም አንቺ ስለ ቱሉ ነግረሽዋል፣ አይደል?»

ጉዲቱ ሰባት ዓመት ሙሉ እግዜርን ስትለምነው የኖረችው እርዳታ በርጩማዋ ላይ ተቀምጦላት ነበር፤ እሷ ግን ወንድሟን ገድላ ሸኘችው። በራሷ አፈረች፤ ከሐፍረቷ ይልቅ ግን ወሬው ሳንሱሲ ይደርሳል የሚለው ፍርሃቷ ይብስ ነበር።

ሐሙስ ጧት፣ ቱሉ እህል ካልቀመሰ ሦስተኛ ቀኑ፣ ነጠላዋን ስታነሳ ፅጌ በሩ ላይ ቆመች።

«እማዬ፣ እኔስ?» አለች።

ጉዲቱ ልጇን ገፋ አድርጋ ወጣች።

መኪናው ፌርማታው አጠገብ ቆሞ ሰፈርተኛው ከቦታል። ከሰዉ መሀል አንድ ጥቁር ባርኔጣ አየች፤ አቶ አየለ ራሳቸው ናቸው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሰው ሲቀል ልመለስ ይሆን ብላ አሰበች፤ ግን መኪናው ቢሄድስ? ቱሉስ እስከ መቼ ነው በውኃ ብቻ የሚቆየው?

ሄዳ የጥሩነህን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። «ልጄ፣ ዋሽቼሃለሁ። ሞተ ያልኩህ ወንድሜ አለ። አእምሮውን ታሞብኝ ጓዳ ዘግቼበት ነው። ሰርዘው!»

ድምጿ ካሰበችው በላይ ጮኸ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት። ጥሩነህ ወረቀቱን ፈልጎ አንዱን መስመር ሰረዘ፤ ሐኪሙም ቦርሳውን አነሳ። አቶ አየለ ባርኔጣቸውን አስተካክለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከሳንሱሲ መልስ ይዞ የመጣ ሽማግሌ ከዚያ በኋላ አልታየም።

ጉዲቱ ጓዳውን ከፍታ ሳህኑን አልጋው አጠገብ አስቀመጠች። ሐኪሙና ጥሩነህ ደጃፉ ላይ ጠበቁ።

«አሰርዤዋለሁ፣ ቱሉ» አለች።

ቱሉ አልዞረም። «ታዲያ አሁን ስንት ነን?» ሲል ጠየቀ።

ጉዲቱ አፏን ሳትከፍት ከኋላዋ ፅጌ ቀደመቻት። ስታለቅስ ነበር፣ ዓይኗ አብጧል።

«ሦስት ነን፣ ጋሼ ቱሉ።»

ቱሉ ቀስ ብሎ ተነስቶ ተቀመጠና እጁን የሚታጠብበት ውኃ ጠየቀ።